ቤኒንግ ሮድ ላይ ያለው የጎልፍ ሜዳ ምን ታሪክ እንዳለው ታውቁ ነበር?

የቤኒንግ ሮድ ሹፌር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ ስለ ጎልፍ ልጽፍ ነው። እኔ ጎልፍ አልጫወትም። ዱላውን በእጄ የያዝኩት ራሱ ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ግን የሰማሁትን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም።

ዲሲ ውስጥ መኪና መንዳት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ቤኒንግ ሮድን በቀን ሦስት አራቴ እመላለስበታለሁ። ከኤች ስትሪት ተነስታችሁ ወደ አናኮስቲያ ወንዝ ስትወርዱ፣ ድልድዩን ሳትሻገሩ በግራ በኩል ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ አለ። የሀብታሞች ክለብ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። እንደዚያ የተስተካከለ ሣር ሳይ ሌላ ነገር አይመጣልኝም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ጫንኩ። የጎልፍ ቦርሳቸው ከሳቸው ይከብዳል። ተሸክሜ ከኋላ አስገባሁላቸው። መንገድ ላይ ስለ ሜዳው ጠየቅኳቸው። ልጅ ሆነው አባታቸው እጃቸውን ይዘው ያመጧቸው እዚያ ነው። አባታቸው ደግሞ ሌላ ሜዳ መርገጥ የማይፈቀድላቸው ሰው ነበሩ። ደርሰን ቦርሳውን ሳወርድ አንዱን ዱላ አወጡና "ያዘው እስቲ" አሉኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እያነሱ ቦታ ቦታቸው ላይ አስቀመጡልኝ። እጃቸው ደርቋል፣ አያያዛቸው ግን እንደ እናት ነው። ሲለዩኝ አንዲት ትንሽ የእንጨት ችንካር ሰጡኝ። ቲ ይሏታል። መሬት ላይ ተተክላ ኳሷን ከፍ አድርጋ የምትይዘው ናት። አሁን መኪናዬ ውስጥ ሳንቲም የማስቀምጥበት ቦታ ላይ ናት።

ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሳላስበው ነጋ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፣ ለኔ ጥቁርና ነጭ በጨዋታ ሜዳ ላይ እንዴት እንደተቀላቀሉ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሜዳው ላንግስተን ይባላል። የተከፈተው ጁን 11 ቀን 1939 ነው። በዚያን ጊዜ የዲሲ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳዎች ለነጮች ነበሩ። ለጥቁሮች በ1920ዎቹ ሊንከን መታሰቢያ አጠገብ አንድ ትንሽ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ (ሙሉ ሜዳ 18 ነው) ተሰጥቷቸው ነበር። ሊንከን መታሰቢያ ማለት ባሪያ ነፃ ላወጣ መሪ የቆመ ሐውልት ነው። በ1922 ሲመረቅ ግን ጥቁር እንግዶች ለብቻቸው ተለይተው ነው የተቀመጡት።

በኤፕሪል 1937 ሔለን ዌብ ሃሪስ የሚባሉ መምህርት 13 ሴቶችን ቤታቸው ሰበሰቡ። ዌክ ሮቢን የሚባል የጎልፍ ክለብ መሠረቱ። ስሙ የዱር አበባ ስም ነው። ብዙዎቹ ባሎቻቸው ሮያል ጎልፍ ክለብ በሚባለው የጥቁር ወንዶች ክለብ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ሴቶቹ ቅዳሜና እሁድ ቤት መቅረቱ ሰለቻቸው። ዱላ አነሱ። ግን የት ይጫወቱ? በ1938 ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢኪስ ማመልከቻ ጻፉ። "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚባለው እንዲህ ነው። በዓመቱ ላንግስተን ተከፈተ።

ቦታው የተተወ ቆሻሻ መጣያ ነበር። 9 ጉድጓድ ብቻ ነው የተሠራው። 18 የሆነው በ1955 ነው። በ1991 ደግሞ በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ።

እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ዞር ብዬ አላየሁትም። እናንተስ ታውቁት ነበር?

የጉለሌ ልጅ

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል። ግን ልቃወምህ ነው፣ ቅር አይበልህ።

ይሄ በምን ሒሳብ ነው የመቀላቀል ታሪክ የሚሆነው? ጥቁሮቹ ሜዳ ጠየቁ። ነጮቹ ያሉበት ሜዳ ላይ ተጫወቱ አልተባሉም። ራቅ ያለ ቦታ፣ ያውም ቆሻሻ መጣያ ላይ፣ ግማሽ ሜዳ ተሠራላቸው። እኛ አገር ሰው ቤትህ መጥቶ ከመሶቡ አታቅርበው፣ ጓዳ ሄደህ በተሰነጠቀ ሳህን ለብቻው ስጠው። ምን ይሰማዋል? ማዕድ መለየት ስድብ ነው። የተሰጠው ምግብ ቢጣፍጥም ስድብ ነው።

ላንግስተን ለኔ አጥር ነው። አረንጓዴ አጥር።

አሌክሳንድሪያ 22

ከጉለሌ ልጅ ጋር ነኝ። ማዕድ መለየት ያልከው ልክ ነው።

የቤኒንግ ሮድ ሹፌር

የጉለሌ ልጅ፣ ቅር አላለኝም። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ግን ታሪኩ 1939 ላይ አይቆምም።

ጁን 29 ቀን 1941፣ ላንግስተን ሁለት ዓመት እንደሞላው፣ ሦስት ጥቁር ተጫዋቾች ኢስት ፖቶማክ ሄዱ። ያ የነጮች ሜዳ ነበር። ከጄፈርሰን መታሰቢያ በስተጀርባ፣ ውሃው ዳር። ብዙዎቻችሁ የቼሪ አበባ ለማየት ስትሄዱ አይታችሁታል። ከፍለው ገቡ። ፖሊስ አጅቧቸው ነው የተጫወቱት። ነጮቹ ዙሪያውን ከበው ይሰድቧቸው ነበር። እስቲ አስቡት። ጎልፍ ጸጥታ የሚፈልግ ጨዋታ ነው። ሰው ሲመታ ጎረቤቱ ትንፋሹን ይይዛል። እነሱ በስድብ መሀል ኳሷ ላይ ዓይናቸውን ተክለው፣ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሄዱ።

እነዚህ ሰዎች "የራሳችሁ ሜዳ አላችሁ፣ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?" ሊባሉ ይችሉ ነበር። ኢኪስ ግን እንደዚያ አላለም። ግብር ከፋዮች ናቸው፣ ዜጎች ናቸው፣ መጫወት መብታቸው ነው አለ። በዲሲ ያሉት የፌዴራል ሜዳዎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ አዘዘ። ይሄ የሆነው ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን መለየት ከከለከለው ከታወቀው የ1954ቱ የትምህርት ቤቶች ፍርድ 13 ዓመት አስቀድሞ ነው።

ማዘዝ የቻለው ደግሞ መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ስለሆነና በሱ መሥሪያ ቤት ሥር ስለነበረ ነው። ሌላ ከተማ ቢሆን ከንቲባ፣ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤት ነበር የሚያዞራቸው። ኢኪስ ራሱ ቀድሞ ቺካጎ ውስጥ ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን የኤንኤኤሲፒን ቅርንጫፍ የመራ ሰው ነው። በኤፕሪል 1939 ዘፋኟ ማሪያን አንደርሰን ጥቁር ስለሆነች አዳራሽ ስትከለከል፣ በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ እንድትዘፍን የፈቀደውና ለሕዝቡ ያስተዋወቃትም እሱ ነው። ላንግስተን የተከፈተው ከዚያ በሁለት ወሩ ነው።

ጋሼ አራት ኪሎ

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ላልፋችሁ አልፈልግም። የማውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁና እናንተ መዝኑት።

መርካቶ የሚለው ስም ከየት መጣ? ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ከተማዋን በዘር ሊከፍል ተነሳ። ትልቁ ገበያ የነበረው አራዳ፣ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ነው። ጣሊያኖች ያንን አካባቢ ለራሳቸው ፈለጉት። የአገሩን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው "መርካቶ ኢንዲጄኖ" አሉት፣ የአገሬው ሰዎች ገበያ ማለት ነው። ፒያሳ የነሱ፣ መርካቶ የእኛ። ይህን ያደረጉት በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ላንግስተን በተሠራበት በዚያው ሰሞን መሆኑን ልብ በሉ።

ታዲያ ዛሬ መርካቶን ማን ነው አጥር የሚለው? ሰው እዚያ ነግዶ ልጅ አሳደገ፣ ቤት ሠራ፣ ዕቁብ ጣለ፣ ዕድር አቋቋመ። ያገለሉት ቦታ የአገሪቱ የንግድ ልብ ሆነ። ይህ ግን ጣሊያንን አያስመሰግንም። የሚመሰገነው ቦታውን የያዘው ሰው ነው። ላንግስተንንም እንደዚህ ነው የማየው። የተሠራበት ሐሳብ መጥፎ ነበር። የተጠቀሙበት ሰዎች ግን ትልቅ አደረጉት።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ሜዳው የተሰየመለት ጆን መርሰር ላንግስተን በ1829 የተወለደ ሰው ነው። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል የመጀመሪያው ዲን ነበር። ከቨርጂኒያ ለኮንግረስ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁርም ነው። እኛም ከሃዋርድ ጋር ታሪክ አለን። ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማረው እዚያ ነው። ጣሊያን ሲወረን ወደ አገሩ ሄደ። ኋላም አሜሪካ ተመልሶ ጥቁሮችን ለኢትዮጵያ ያስተባበረውን የዓለም ኢትዮጵያውያን ፌዴሬሽን በ1937 ኒው ዮርክ ላይ አቋቋመ። ዌክ ሮቢን የተመሠረተውም በ1937 ነው። በዚያ ዘመን ለአድዋ ልጆች ገንዘብ ያዋጡ የነበሩ ሰዎች፣ አገራቸው ውስጥ ሣር መርገጥ የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ። ይህን ሳስብ እንባዬ ይመጣል።

የጉለሌ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመርካቶን ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ምናለሽ ተራ ነው ያሳደገኝ። እዚያ ተወልጄ ስሙን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

አጥር ያልኩትን ግን ሙሉ በሙሉ አላነሳም። ሳስበው ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ሴቶቹና ወንዶቹ የተሰጣቸውን ይዘው ቢቀመጡ ኖሮ አጥር ሆኖ ይቀር ነበር። እነሱ ግን እዚያ ተለማምደው ተደራጁና ሌላውን በር አንኳኩ። እንደዚያ ከሆነ እሺ።

ነርሷ ከአትላንታ

እኔ ያለሁበት ከተማ ታሪክ ደግሞ በፍርድ ቤት ነው ያለቀው።

በ1951 አንድ ጥቁር ሐኪም ዶክተር ሃሚልተን ሆምስ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸውና ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ወደ አንድ የከተማው ሜዳ ሄዱ። ቦቢ ጆንስ ይባላል። አይቻልም ተባሉ። ከሰሱ። የታችኛው ፍርድ ቤት ምን አለ መሰላችሁ? ጥቁሮች ለብቻቸው የሚጫወቱበት ቀን ይለይ አለ። በሳምንት ሁለት ቀን ለእናንተ፣ ሌላው ለነጮች። እንደ ጾም ቀን።

አልተቀበሉም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኖቬምበር 7 ቀን 1955 አሸነፉ። ዲሴምበር 24 ቀን፣ በፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ ልጆቻቸውና ጓደኛቸው ኖርዝ ፉልተን የሚባል ሜዳ ላይ ወጥተው ተጫወቱ። አትላንታ ውስጥ በሕግ ከተቀላቀሉት የሕዝብ ቦታዎች የመጀመሪያዎቹ እነዚህ የጎልፍ ሜዳዎች ናቸው።

በዚያው ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የባልቲሞርን የባሕር ዳርቻዎች ጉዳይም ወስኗል። ሁለቱ ፍርዶች አንድ ላይ ሲታዩ ትርጉማቸው ትልቅ ነው። የ1954ቱ ፍርድ ስለ ትምህርት ቤት ነበር። "ትምህርት ቤት ሌላ፣ መዝናኛ ሌላ" የሚሉ ብዙ ነበሩ። እነዚህ ሁለት ፍርዶች ያንን በር ዘጉት።

አሌክሳንድሪያ 22

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከልቤ ነው። ለምን ጎልፍ? ሰው ሥራ አጥቶ፣ በአውቶቡስ ከኋላ ተቀምጦ፣ ልጁ ጥሩ ትምህርት ቤት ተከልክሎ፣ ለኳስ ይሟገታል? ኑሮ ለሞላለት ሰው የሚገባ ጥያቄ አይመስላችሁም?

ነርሷ ከአትላንታ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ወንድሜ። የኔን ልበል።

ሜዳው የተሠራው በግብር ነው። ጥቁሩም ከፍሏል። ከፍለህ በር ላይ ስትመለስ ጎልፍ ይሁን ቤተ መጻሕፍት ልዩነት የለውም። ደግሞ የሚጫወቱት ሁሉ ሐኪምና መምህር አልነበሩም። ብዙ ጥቁሮች ጎልፍን የለመዱት የነጮችን ዱላ በመሸከም ነው፣ ካዲ ሆነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሜዳውን ከባለቤቶቹ በላይ ያውቁታል። ኳሷ የት እንደምትወድቅ፣ ሣሩ ወዴት እንደሚያዘነብል። መሸከም ይፈቀዳል፣ መምታት አይፈቀድም።

ጋሼ አራት ኪሎ

አሌክሳንድሪያ፣ አንተም ልጄ ገናን ታውቃለህ። በጥምዝ ዱላ ሩር እያሳደድን ያደግንበትን ጨዋታ። ምን ይባል ነበር? "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።" በዚያን ቀን ጌታውና ሎሌው አንድ ሜዳ ላይ ይገባሉ። ሎሌው ጌታውን ይገፋል፣ ይገጥምበታል፣ ማንም አይቆጣም። በነጋታው ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ግን ያ አንድ ቀን ለምን ያስፈልግ ነበር? ሰው አብሮ ሲጫወት የተጋፋውን ሰው ሰውነቱን መካድ ስለማይችል ነው። ከአንተ ጋር ሮጦ ያላበውን ሰው ነገ "ከኔ ያንሳል" ለማለት ይከብድሃል። መለያየት የሚፈልግ ሥርዓት ጨዋታን የሚፈራው ለዚህ ይመስለኛል።

አሌክሳንድሪያ 22

ገባኝ ጋሼ። አንጀት አርስ መልስ ነው።

ኖርዝ ካሮላይና ነኝ

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። የእኛ ሰፈር ታሪክ ግን መራራ ነው፣ እሱንም ስሙት።

ግሪንስቦሮ ውስጥ ጊሌስፒ ፓርክ የሚባል ሜዳ አለ። የከተማው ነበር። ከተማው ጥቁሮችን ላለማስገባት "የግል ክለብ ነው፣ አባል ያልሆነ አይገባም" ማለት ጀመረ። ነጭ ከሆንክ ግን አባልነትህን ማንም አይጠይቅህም። ዲሴምበር 7 ቀን 1955፣ አትላንታ በተፈረደ በወሩ፣ ጆርጅ ሲምኪንስ የሚባል የጥርስ ሐኪምና አምስት ጓደኞቹ ገቡ። እያንዳንዳቸው የመጫወቻውን 75 ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ሜዳው ወጡ። የሜዳው ኃላፊ እየተሳደበ ተከተላቸው። ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ማታ ፖሊስ መጥቶ አሰራቸው። ወንጀሉ የሰው ግቢ መድፈር ነው ተባለ።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1960 በአምስት ለአራት ተሸነፉ። እስር ቤት እንዳይገቡ ያደረገው አገረ ገዢው ቅጣቱን ስለቀነሰ ነው። በሌላ ክስ ደግሞ ፍርድ ቤት ሜዳው ለሁሉም ክፍት እንዲሆን አዞ ነበር። ትእዛዙ ከመፈጸሙ በፊት ክለብ ቤቱ ተቃጠለ። ከተማው ሜዳውን ዘጋው። ለጥቁር ከሚከፈት ለማንም አይከፈት ማለት ነው። ዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በዲሴምበር 1962 ሲከፈት የመጀመሪያውን ኳስ የመታው ሲምኪንስ ነው።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው ብዙ ጊዜ ፊት የሚወጡት። ለምን? ታካሚዎቻቸው ጥቁሮች ናቸው። ነጭ አለቃ የላቸውም። ነገ ከሥራ የሚያባርራቸው ሰው የለም። የሌላ ሰው እንጀራ የሚበላ ሰው እንደዚያ መድፈር ይከብደው ነበር።

የቤኒንግ ሮድ ሹፌር

የጥርስ ሐኪም ስትል ደነገጥኩ። ያቺ ሳንቲም ቦታ ላይ ያለችው ቲ ትዝ አለችኝ። የእንጨት ቲ የፈጠራ መብት በአሜሪካ የተሰጠው በ1899 ለጆርጅ ግራንት ነው። እሱም ጥቁር የጥርስ ሐኪም ነው። ሃርቫርድ ተምሮ ሃርቫርድ ያስተማረ። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ እርጥብ አሸዋ በእጁ ጨብጦ ጉብታ እየሠራ ነበር ኳሷን የሚያስቀምጠው። ግራንት ሸጦ ሊያተርፍባት አልሞከረም። ለጓደኞቹ ይሰጣት ነበር።

እስቲ አስቡት። ኳሷን ከመሬት ከፍ የምታደርገውን እንጨት የሠራው ጥቁር ነው። እንደሱ ጥቁር የሆኑት ግን ሜዳው በር ላይ ይመለሱ ነበር።

ኦስቲን ቴክሳስ

ከእኛ ጋ የሆነው ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ነው። ላየንስ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ሜዳ አለን፣ ሰዉ ሁሉ ሙኒ ነው የሚለው። ከ1924 ጀምሮ አለ። በ1950 መጨረሻ ላይ ሁለት ጥቁር ልጆች ዝም ብለው ገብተው መጫወት ጀመሩ። አንዱ የ9 ዓመት ካዲ ነበር። ሠራተኞቹ ደንግጠው ከተማ አዳራሽ ደወሉ። ከንቲባው ቴይለር ግላስ ከምክር ቤት ሰዎች ጋር ተነጋገረና ተዋቸው፣ ይጫወቱ አለ። በቃ። በደቡቡ ክፍል ከተቀላቀሉት የማዘጋጃ ቤት ሜዳዎች የመጀመሪያው ነው ይባላል። በ2016 በታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መሬቱ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ይቆይ ይሸጥ እየተባለ ለዓመታት ሲያከራክር ነው የኖረው። ሰፈሩ ሜዳውን ለማዳን የለበሰውን ቲሸርት ብታዩ።

አንድ ስልክ ነው የፈታው። ግሪንስቦሮ ሰባት ዓመት የፈጀው ነገር።

የጉለሌ ልጅ

የ9 ዓመት ልጅ። ልጅ አጥር አያይም።

የቤኒንግ ሮድ ሹፌር

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ስለ ጥቁሩ ጎልፈኛ ስለ ሊ ኤልደር። የላንግስተን ታሪክ ያለሱ ጎዶሎ ነው።

ኤልደር በ1934 ዳላስ ተወለደ። ገና ልጅ እያለ ወላጅ አልባ ሆነ። አባቱ በጦርነት ነው የሞተው። ካዲ ሆኖ አደገ። የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር እስከ 1961 ድረስ አባል የሚሆነው ነጭ ብቻ ነው የሚል አንቀጽ በደንቡ ውስጥ ነበረው። ስለዚህ ኤልደር የጥቁሮች ውድድር ላይ እየተጫወተ ነው ጊዜውን ያሳለፈው። ወደ ትልቁ ውድድር ሲገባ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

በ1968 ፔንሳኮላ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ እሱና ሌሎች ጥቁር ተጫዋቾች ክለብ ቤቱ ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከሉ። ልብሳቸውን መኪና ማቆሚያ ላይ ነው የቀየሩት። በ1974 እዚያው ፔንሳኮላ አሸነፈ። ያ ድል በ1975 ኦገስታ፣ ጆርጂያ ላይ ለሚደረገው ታላቅ ውድድር ለማስተርስ አበቃው። ኦገስታ ላይ ማስተርስን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። የግድያ ዛቻ ስለደረሰው በዚያ ሳምንት ሁለት ቤት ተከራይቶ እየተቀያየረ ነበር የሚያድረው። ሰው እንዲህ ሰግቶ ጎልፍ ይጫወታል?

ይሄው ሰው ዋሽንግተን ነበር የሚኖረው። በ1970ዎቹ መጨረሻ እሱና ባለቤቱ ሮዝ ላንግስተንን ተረክበው አስተዳደሩት። ኦገስታን የረገጠ ሰው ተመልሶ ቤኒንግ ሮድ ላይ የሰፈር ልጆች መሀል። ሰው ከየት እንደተነሳ ሲያውቅ ደስ ይላል።

በኤፕሪል 2021 ኦገስታ ውድድሩን ከሚያስጀምሩት ታላላቅ ሰዎች አንዱ እንዲሆን ጋበዘው። ታምሞ ነበር፣ አፍንጫው ላይ የኦክስጂን ቱቦ አለ። መምታት አልቻለም። ዱላውን ግን ከፍ አድርጎ አሳየ። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አረፈ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

እኔ ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ልጠይቅ።

የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። ስልክ ላይ ጎልፍ ሲያይ ነው የሚውለው። ውድ ነው እያልኩ አፉን አስይዘዋለሁ። የእኛ ሰው እዚያ ምን ያደርጋል እለዋለሁ። ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ያልኩት ነገር አሳፈረኝ። በሩ ላይ ቆመው እኮ "እናንተ እዚህ ምን ታደርጋላችሁ" የተባሉት እነሱ ናቸው። እኔ ያንኑ ቃል ለገዛ ልጄ አልኩት።

ላንግስተን ማንም ይገባል? አባልነት ይጠይቃሉ?

የቤኒንግ ሮድ ሹፌር

እህቴ፣ አይዞሽ። ሁላችንም ያልነው ነገር ነው።

አባልነት የለም። የሕዝብ ነው፣ መሬቱ የፌዴራል ነው። በተጫወትሽበት ነው የምትከፍይው። መጀመሪያ ሙሉ ጨዋታ አያስፈልገውም። መለማመጃ ቦታ አለ፣ ባልዲ ሙሉ ኳስ ይዞ መምታት ነው። መኪና ከሌለሽ በቤኒንግ ሮድ በኩል አውቶቡስ አለ።

ለልጅሽ ሜዳውን ብቻ አታሳዪው። ከሜዳው አጠገብ የጡብ ቤቶች አሉ፣ ላንግስተን ቴራስ ይባላሉ። በ1938 የተከፈቱ ናቸው፣ ከሜዳው አንድ ዓመት ቀድመው። የነደፋቸው ሂልያርድ ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አርክቴክት ነው። ግቢው ውስጥ ልጆች የሚጫወቱባቸው የእንስሳት ቅርጾች አሉ። እዚያ ያደጉ ልጆች ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ወጥተው ሜዳው ላይ ኳስ ሲለቅሙ ይታየኛል።

ጋሼ አራት ኪሎ

እኔም ልምጣ? ጉልበቴ አይመታም፣ ወንበር ካለ ተቀምጬ አያለሁ። ገና ሲመቱ የነበሩ እጆች ዱላ አይረሱም።

የቤኒንግ ሮድ ሹፌር

ጋሼ፣ እርስዎማ ቀድመው ነው የሚመጡት። እኔ ራሴ መጥቼ ከቤትዎ ድረስ እወስድዎታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ፈረቃ የለኝም። በፈረንጅ 9 ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያው ጋ እሆናለሁ። ግራጫ ካምሪ ነው። ያቺ ቲ አለችኝ፣ የመጀመሪያውን ኳስ የእህታችን ልጅ በሷ ላይ አስቀምጦ ይመታል።

የጉለሌ ልጅ

እኔ ቡና በፔርሙዝ ይዤ እመጣለሁ። ስኒው ስንት ይሁን?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

ለልጄ አሁን ነገርኩት። ጫማውን እያጠበ ነው።